ስማቸውን አምጡ፦ ለሳንጃ፣ ለአርማጭሆና ለመተማ ልጆች የቀረበ ጥሪ

በጣሊያን አገር ካራቢኒየሪ የሚባል የታጠቀ የጸጥታ ሠራዊት አለ። ይህ ሠራዊት በየዓመቱ ፈረንጆች ኖቬምበር 21 በሚሉት፣ እኛ ኅዳር 12 በምንለው ቀን ጸሎት ያስደርጋል፣ የአበባ ጉንጉን ያኖራል፣ የወደቁ ባልደረቦቹን ያነሣል። ቀኑ የእኛም ቀን ነው። በ1934 ዓ.ም. ከጎንደር በስተ ደቡብ ቁልቋልበር ላይ የነበረው የጣሊያን ምሽግ የተሰበረው በዚያ ቀን ነው። እዚያ ለተዋጋው የካራቢኒየሪ ሻለቃ አገሩ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጥታዋለች፤ ቀኑንም ከቅድስት ድንግል በዓላቸው ጋር አጋጥመው ይዘውታል። ሮም ተቀምጦ የቁልቋልበርን ስም አሳምሮ የሚጠራ የጣሊያን ወታደር አለ ማለት ነው።

ሐዘናቸው የራሳቸው ነው፤ ሟቹን ያስታወሰ ሰው አይነቀፍም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ባሕር ተሻግረው ሊወሩን የመጡት አንድ በአንድ በስማቸው ሲጠሩ፣ በገዛ ደጃቸው ቆመው የሞቱት የአርማጭሆ፣ የመተማ፣ የጭልጋና የወልቃይት ሰዎች ግን በጅምላ “ጀግኖች አባቶቻችን” ተብለው ይታለፋሉ። ጅምላ ስም አያስለቅስም። ልጅ አያስጠይቅም። የትኛው አባት? የማን ልጅ? የት ወደቀ? ማን ቀበረው?

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ የምንመልስበት ጊዜ እያለቀ ነው። ጣሊያን ሲገባ 18 ዓመት የሞላው ጎረምሳ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከመቶ ዓመት ብዙ ያለፈው ሽማግሌ ነበር። እንዲያ ያለ ሰው አናገኝም። ያሉን ልጆቻቸው ናቸው፤ እነሱም ከዘራ ይዘዋል። አባታቸው ሲፎክር በጆሮአቸው የሰሙ፣ በጥይት የተበሳ ጋሻ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያዩ፣ እናታቸው በገደል ሥር በዋሻ እንደወለደቻቸው የተነገራቸው እናቶችና አባቶች ዛሬም በሳንጃ፣ በአሸሬ፣ በሶሮቃ፣ በአብርሃጅራ፣ በትክል ድንጋይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከእነሱ በኋላ የሚቀረው ወሬ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሳንጃ ላይ የአርበኞች መታሰቢያ ይቁም፤ ሲቆም ግን ስም የተቀረጸበት ግድግዳና በእኛው የአሣሣል ልማድ የተሠራ ታላቅ የጦር ሜዳ ሥዕል ይኑረው። ሥራው ከስሙ ይጀምር። ስሙን የሚያመጣው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

ለምን የአርማጭሆዋ ሳንጃ? እስቲ ዘመኑን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተፈታ። በማግስቱ፣ መጋቢት 23፣ ስታራቼ የሚባለው የፋሺስት ሹም ከኦም ሐጀር ያስነሣውን የጭነት መኪና ሰልፍ ይዞ በምዕራቡ በኩል ጎንደር ገባ። በሙሶሊኒ ጋዜጦች ላይ ይህ ጉዞ እንደ ታላቅ ድል ተዘመረለት። መኪና በመንገድ ያልፋል፤ አገር የሚያዘው ግን በመንገድ አይደለም። ጣሊያኖች ጎንደር ከተማ ላይ ሲኒማና ፖስታ ቤት ሲሠሩ፣ ከከተማው ሰሜንና ምዕራብ ያለው የአርማጭሆ ገደልና የቆላው ጫካ ከእጃቸው ውጭ ነበር። በአሞራው ውብነህ ስም የሚታወቁት ውብነህ ተሰማ፣ ከወልቃይት በኩል ቢትወደድ አዳነ መኮንን፣ እነሱንም የተከተለው ስሙ ያልተጻፈ ሕዝብ አምስቱን ዓመት ሙሉ ለጠላት እንቅልፍ ነሣው። ምሽግ ይሠራል፣ ይከበባል። ስንቅ ይላካል፣ ይነጠቃል። አውሮፕላን ይመጣል፣ መንደር ይቃጠላል፣ ሰዉ ዋሻ ገብቶ ያድራል፤ ሲነጋ ጥይቱን ቆጥሮ ይወጣል።

አርማጭሆ ለአርበኛው የተመቸ ምሽግ ብቻ አልነበረም፣ በርም ነበር። ከኋላው ሱዳን አለ፤ በገዳሪፍና በገላባት በኩል ደብዳቤ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ስደተኛ ያልፍ ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ወደ ጎጃም የሚያደርገውን ጉዞ የጀመረው በዚሁ በመተማ አካባቢ ድንበሩን ሾልኮ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በብርጋዴር ዊልያም ስሊም እየተመራ ገላባትን ያዘ፤ መተማን ግን መያዝ ሳይችል ታንኮቹ በፈንጂና በድንጋይ እየተሰባበሩ ተመለሰ። ስሊም በኋላ በበርማ ጦርነት ስሙ የገነነ ታላቅ ጄኔራል ሆነ፤ የመተማውን ሽንፈቱንም ራሱ በመጽሐፉ አልደበቀም። እንግዲህ ለመደበኛ ጦር፣ ያውም ታንክና አውሮፕላን ላለው፣ ይህን ያህል የከበደ ግንባር ላይ በምንሽርና በውጅግራ አምስት ዓመት የቆየ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አገሪቱ የድል በዓሏን የምታከብረው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነውና ተገቢ ነው። በዚያ ቀን አዲስ አበባ እልል ስትል ግን እዚህ ጦርነቱ አላለቀም ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ይዞ ተቀምጧል፤ የወልቅፊት መተላለፊያ ተዘግቷል፤ ቁልቋልበር ታጥሯል። ወልቅፊት እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ቁልቋልበር የወደቀው ኅዳር 12፣ ጎንደር የተለቀቀችው ኅዳር 18። ከአዲስ አበባው እልልታ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። በእነዚያ ወራት የሞተ የአርማጭሆ ሰው የሞተው በወረቀት ላይ ነጻ በወጣች አገር ውስጥ ነው። ለእሱ ማን ቀን ቆረጠለት? ኅዳር 18ን እኛ ካልያዝነው ማንም አይይዝልንም።

አርማጭሆ ላይ ብቻ ቆሜ አልቀርም፤ ወደ ድንበሩ ልውረድ። ይህ ቆላ ወረራን ያወቀው በጣሊያን አይደለም። በጥር 1880 ዓ.ም. በአቡ አንጃ የሚመራው የሱዳን ደርቡሾች ጦር ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሕዝቡን ማረከ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ እሳት ተርፎ ዛሬም ቆሟል፤ የአገሩ ሰው “ንቦቹ ጠበቁት” ይላል። በዓመቱ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ ከሰሜን የጣሊያንን ጉዳይ፣ ከደቡብ የምኒልክን ጉዳይ ወደ ጎን ትተው መተማ ወረዱ። ምሽጉ ሊሰበር ሲል ንጉሡ በጥይት ተመቱና ሞቱ። ድሉ በእጅ ገብቶ ሳለ ጦሩ ተበተነ፤ አስከሬናቸው በአትባራ ወንዝ ዳር ተማርኮ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማይቱ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ለንጉሡ ስም ከተማ ቆመለት፣ መልካም። ከንጉሡ ጋር ለወደቀው እግረኛ፣ ለአጋፋሪው፣ ጥይት ለምትሸከመዋ፣ ስንቅ ለምታበስለዋ ሴትስ?

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሣ፤ ሥዕሉን ስንሥል ይጠቅመናል። አፄ ዮሐንስ መተማ ከመዝመታቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ አንተም እኔም ድኻውን ከምናስጨርስ ተስማምተን ለሁላችንም ጠላት በሆነው አውሮፓዊ ላይ እንነሣ። መልሱ ስድብ ሆነ፤ ጦርነቱም መጣ። ሁለቱም ወገን ተጨረሰ። ከዚያ በኋላ ሱዳን በእንግሊዝ እጅ ወደቀች፣ እኛም አድዋ ወረድን።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልምጣ።

በአዲስ አበባ ያሉትን ታላላቅ መታሰቢያዎች አስቡ። የአፄ ምኒልክን የፈረስ ሐውልት የሠራው ጀርመናዊ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ያለውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት በነሐስ ምስል ያስጌጡት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች እጅ አለበት። አንዱንም አልንቅም፤ በተለይ የስድስት ኪሎው ነሐስ ፊት ለፊት ቆሞ ልቡ የማይደማ የለም። ግን የሳንጃ ሕዝብ ነሐስ የሚያስቀልጥበት ገንዘብ የለውም፤ ደግሞም አያስፈልገውም። ሌላ ሀብት አለው። ወደ ጎንደር ወጣ በሉ። ከአጤ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ቅዱሳንን በጨርቅ ላይ ሥሎ ግድግዳ የሚያለብስ ጥበብ እዚያ ነው ያደገው። ያ ጥበብ ነው በኋላ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ አድዋን የሣለው። አይታችሁታል፤ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ፣ ምኒልክ ከጥላ ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሽጉጥ ይዘው፣ መድፉ ከመድፍ ፊት ለፊት፣ ደሙ በየቦታው። ይህን ሥዕል ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም። ቀን ቀን ማሽላና ሰሊጥ ሲያጭድ የዋለ ሳሉግ የሚሉት ቅጥር ሠራተኛ ማታ ከፊቱ ቆሞ ሙሉ ታሪኩን ሊያወራው ይችላል። ነሐስ ይህን አይሰጥም።

እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ሣሉት። በአንድ ጫፍ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጊና ላይ የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሰዎች በጣሊያን ትንንሽ ታንኮች ላይ ዘለው ሲወጡ፤ ከዚህ አገር ተክዜን ተሻግሮ የሄደ ብዙ ሰው እዚያ ነበረ። በመካከል የአርማጭሆ ገደል፣ ዋሻው፣ ጭሱ፣ በቅሎዋ፣ ስንቅ የተሸከመችው ሴት፣ ሕፃን ያዘለችው ሴት፣ ቁስለኛ የሚሸከሙት፣ ግዝት የሚያወርደው ቄስ፣ ከጎኑ የሚጸልየው ሼህ። በሌላው ጫፍ ገላባትና መተማ፣ ከታች ደግሞ የጎንደር መለቀቅ። ከላይ ማን ይሣላል? ጊዮርጊስ ነው ሚካኤል? እዚህ ላይ የአርማጭሆ ሽማግሌዎች ለሦስት ቀን ይከራከሩ፤ ክርክሩ ራሱ ይቀረጽ።

አንዱን ጉዳይ ግን እኔ ከወዲሁ እናገራለሁ። በአሣሣል ልማዳችን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ጠላት፣ አይሁድ፣ ሰይጣን ግን በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ለፋሺስቱ ይህ ይገባዋል፤ አይሰሰትለት። ለደርቡሹ ወታደርስ? ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ካርቱምና ዳርፉር ሲነዱ በመተማ በኩል ልጅ አዝለው የገቡት የዚያ ወታደር የልጅ ልጆች ናቸው። ድንበሩ ላይ የእርሻ መሬት ጠብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከዚያ ጠብ የተነሣ የሞቱትንም የሳንጃና የምዕራብ አርማጭሆ ሰው በደንብ ያውቃቸዋል። መታሰቢያው ግን የድንበር ክስ ማመልከቻ እንዳይሆን። የመተማው ክፍል ሲሣል ደርቡሹንም በሁለት ዓይኑ ሣሉት እላለሁ፤ ንጉሡ ራሳቸው ዕርቅ የጻፉለት ሰው ነውና። የጥንቱን ሕግ የሚያውቅ ሠዓሊ ይህን ሰምቶ ሊቆጣኝ ይችላል። ይቆጣ፤ ከዚያ ብሩሹን ያንሣ።

ሥዕሉ ፊት ነው። ስም ከሌለው ፊቱ ማንንም አይመስልም። ፈረንጆቹም ይህን ያወቁት ቆይተው ነው። በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ በ1944 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተካሄደውን ታላቅ ዘመቻ ሁሉም በፊልም ያውቀዋል። በእንግሊዝ ትእዛዝ ሥር ሆነው በዚያ ዘመቻ ለሞቱት መታሰቢያ የተመረቀው ግን ከ77 ዓመት በኋላ፣ በ2021 ነው። ምን አለበት? ምሰሶዎች፣ በምሰሶዎቹም ላይ 22,442 ስሞች። ጄኔራሉና ተራው ወታደር እኩል ፊደል። በዋሽንግተን የቬትናም ዘማቾች ግድግዳን የነደፈችው የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች፤ እሷም ያደረገችው ጥቁር ድንጋይ ላይ ስም መደርደር ነው። ዛሬ ሰው እዚያ ሄዶ የአባቱን ስም በጣቱ ይዳስሳል፣ ወረቀት አኑሮበት በእርሳስ እየቀባ ስሙን ይዞ ይሄዳል። በሌላ በኩል የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን በዚያው 2021 ባወጣው ሪፖርት በአፍሪካና በእስያ በእንግሊዝ ስር ሆነው የሞቱ ብዙዎች እንደ ነጮቹ በስማቸው እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ኮሚሽኑ የተረሱትን የአፍሪካ ሰዎች ስም ፍለጋ ሲጀምር፣ እኛ የራሳችንን ካልፈለግን ምን ልንለው ነው?

ጠላትስ የመታሰቢያን ጉልበት ከእኛ አሳንሶ አያውቅም ነበር። ፋሺስቱ አዲስ አበባ እንደገባ ከቸኮለባቸው ሥራዎች አንዱ የምኒልክን ሐውልት አንሥቶ መቅበር ነበር። የይሁዳ አንበሳን ሐውልት ሮም ወሰደው፤ የአክሱምን ሐውልትም ወሰደ፣ እሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አፊሌ በምትባል የጣሊያን መንደር ለፋሺስቱ ጄኔራል ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት፤ ኢትዮጵያውያን በየአገሩ ሰልፍ ወጡ። ሰልፉ ተገቢ ነበር። ግን የግራዚያኒ ድንጋይ ይፍረስ ብለን ከጮኽን፣ በአርማጭሆ ግራዚያኒን ያሸበሩት ሰዎች ድንጋይ የታለ ብሎ የሚጠይቀን ልጅ ሲመጣ አፋችንን እንዳንይዝ።

ሳንጃ ስም አታጣም፤ ችግሩ ስሙ ያለው በአፍ መሆኑ ነው። ይህ አገር ፉከራ ያለበት፣ ሽለላና ቀረርቶ የሚያውቅ አገር ነው። ሠርግ ላይ አንዱ ተነሥቶ “የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ” ብሎ ሲፎክር ውስጡ ሦስት ትውልድ አለ፤ የጠመንጃው ዓይነት አለ፤ የወንዙ ስም አለ፤ የፈረሱ ስም አለ። ይህ ሁሉ ማኅደር ነው። ግን ፎካሪው ሲሞት ማኅደሩ አብሮት ይቀበራል። ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ወረቀት ላይ እናውርደው።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው፤ ሥራውም ከባድ አይደለም።

እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ወረቀት ይዞ ይቀመጥ። የአያቱን ወይም የቅድመ አያቱን ስም እስከ ሦስት ትውልድ ይጻፍ። የፈረስ ስሙን፣ የተወለደበትን ጎጥ፣ በማን ሥር እንደተዋጋ፣ የት እንደወደቀ ወይም መቼ ተመልሶ በሰላም እንደሞተ፣ ማን አብሮት እንደነበረ። ሴቶቹን አትርሱ፤ ስንቅ ያቀበለችው፣ መልእክት በጠጉሯ ሸሽጋ ያሳለፈችው፣ ባሏ ሲሞት ጠመንጃውን ያነሣችው ናት ብዙውን ጊዜ ከዝርዝር የምትወድቀው። የሙስሊሙን ስም፣ የቅማንቱን ስም፣ የጉሙዙን ስም፣ በመተማ የኖሩትን የተክሩር ልጆች ስም፣ ከጣሊያን ጦር ከድተው ከአርበኛው ጋር የተሰለፉትን የኤርትራ ልጆች ስም ጻፉ። ፎቶግራፍ ያለው፣ ሜዳሊያ ያለው፣ የቆየ ደብዳቤ ያለው ያውጣው፤ ኦርጅናሉን ለማንም አትስጡ፣ በስልክ ፎቶ አንሡትና መልሳችሁ ሣጥን ውስጥ አኑሩት። እዚህ ላይ በጣም እጠነቀቃለሁ፤ “ለኤግዚቢሽን” ተብሎ ተወስዶ የቀረ ሜዳሊያ በየቤቱ አለ።

ተማሪዎች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ሁላችሁም ስልክ አላችሁ። የሰፈራችሁን አረጋዊ አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ አናግሯቸው፣ ድምፃቸውን ቅረጹ። ስትጠይቁ “ታሪኩን ይንገሩን” አትበሉ፤ እንዲህ ከተባሉ የሚናገሩት በሬዲዮ የሰሙትን ነው። “አባትዎ ዋሻ ውስጥ ምን ይበሉ ነበር? ጨው ከየት ይመጣ ነበር? ማን ከዳቸው? ጥይቱን ማን ያመጣ ነበር?” በሉ። ያኔ እውነተኛው ይመጣል።

የክህደትን ነገር ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን ሲይዝ አንድ ነገር ይከብደዋል፤ አንዱ ወንድም አርበኛ፣ ሌላው ባንዳ ነበረ። አንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ ተዋጋ፣ መካከል ላይ ለጣሊያን ገባ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ወጣ። ይህን መሸፈን አያስፈልግም። በግድግዳው ላይ የሚወጣው ለአገሩ ሲዋጋ የሞተ ወይም የተዋጋ ሰው ስም ይሁን፤ በመዝገቡ ላይ ግን የሆነው ሁሉ ይጻፍ። ሁሉም ቤት ጀግና ብቻ የወለደ መዝገብ አንብቤ አላምንም፤ እናንተም አታምኑም።

የሃይማኖት አባቶች፣ በየአጥቢያው የክርስትናና የሙታን መዝገብ አላችሁ፤ በመስጊድ ዙሪያ የመቃብሩን ስፍራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። ክፈቱልን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የሥነ ጥበብ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ቆላው አውርዱ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይጎድላቸዋል እንዳትሉ። በጎንደር በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የምትተዳደሩ ሠዓሊያን፣ ለቱሪስት የምትሠሯትን ትንሿን አድዋ ለጊዜው አቁሙና ለሳንጃ አንድ ክፍል ሣሉ። ጨርቁ ከቆላው ጥጥ የተፈተለ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሸማኔ አለን፣ ፈታይ አለን። ጭቃ ግድግዳ ላይ ግን እንዳትለጥፉት፤ ቆላ ነው፣ ምስጡ የአባቶቻችሁን ፊት በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል። ከመሬት ከፍ ባለ በድንጋይ በተሠራ አዳራሽ፣ አየር በሚገባበት፣ በእንጨት ልባጥ ላይ ይወጠር። የስሙን ግድግዳ የጎንደር ጠራቢዎች ይጥረቡት፤ ቤተ መንግሥቱን የሠራው እጅ አልጠፋም።

ገንዘቡስ? በየከተማው ባነር ዘርግቶ ቃል የሚያስገባ ገቢ ማሰባሰቢያ አላስብም። የሰሊጥ አገር ነን። ሰሊጡ ተወቅቶ ለገበያ በሚወጣበት ሰሞን እያንዳንዱ ገበሬ አንድ ቁና ይስጥ። ባለሀብቱ እንደ ሄክታሩ ይስጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እድሮች ያሰባስቡት፤ እድር የሬሳ ገንዘብ የሚያጠፋ አይደለም፣ ሒሳቡን ሁሉም ያየዋል። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታ፣ በጀርመን፣ በሱዳንና በእስራኤል ያላችሁ የዚህ አገር ልጆች የአያታችሁን ስም ላኩ፤ ገንዘቡ ከስሙ ቀጥሎ ይምጣ። ስም ያላመጣ ገንዘብ ብቻ ቢልክ ተቀባይነት አያግኝ እላለሁ፣ በግማሽ ልብ ቀልዴም ቢሆን።

“አሁን ጊዜው ነው ወይ?” የሚለኝ እንዳለ ይሰማኛል። በአማራ ክልል ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ እናት ልጇን ወደ እርሻ ስትልክ ታማትባለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ሐውልት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ለዚህም ነው ድንጋዩን አስቀድሜ ያልጠየቅሁት። ድንጋዩ ሰላም እስኪሆን ይቆይ። ስም መጻፍ ግን ሰላም አይጠብቅም፤ ጦርነት ሲመጣ ሽማግሌ ቶሎ ይሞታል፣ ሣጥን ይቃጠላል፣ መዝገብ ይዘረፋል። በ1880 የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ የተቃጠለውን ብራና ማን መለሰው?

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናለሁ። ይህን መታሰቢያ የማንም የዛሬ ሰልፍ መፈክር እንዳታደርጉት። በግድግዳው ላይ የሚወጣው የሞተው ሰው ስም ነው፤ ዛሬ ያለ ሹም፣ ዛሬ ያለ ታጣቂ፣ ዛሬ ያለ ፓርቲ ስሙን ከሥሩ እንዳይቀርጽ። “ይህ መታሰቢያ በክቡር እገሌ ተመረቀ” የሚል የእብነ በረድ ሰሌዳ ከአርበኛው ስም በልጦ የተሰቀለበት ስንት ቦታ አለ! በሳንጃ ያ አይሁን። የምርቃቱን ቀን ብቻ ጻፉ፤ መራቂው የአርበኛው የልጅ ልጅ ይሁን፣ ከሕፃናቱ አንዱ።

የመጀመሪያው መዝገብ ለመጪው ኅዳር 18 ይድረስ። ጣሊያን የቁልቋልበር ሙታኑን ባሰበ በስድስተኛው ቀን፣ ጎንደር በተለቀቀችበት ቀን፣ ሳንጃ ላይ ስሞቹ በቃል ይነበቡ፤ አንባቢው ተማሪ ይሁን፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ የዚያ ቤት ሰው ይነሣና አለሁ ይበል። መጋቢት 1 ቀን ደግሞ መተማ ዮሐንስ ላይ ይደገም። ከአሸሬ፣ ከሶሮቃ፣ ከአብደራፊ፣ ከጭልጋ፣ ከገንዳ ውሃ፣ ከቋራ የምትመጡ በየቀበሌያችሁ አንድ ጸሐፊ ምረጡ፤ እጅ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ስም የማይዘል፣ ጉቦ የማይወድ። ጸሐፊው ነገ ማለዳ ደብተር ይግዛ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጻፈውን ስም ደግሞ ዛሬ ማታ እናታችሁን ጠይቁ።